ፎርብስ ሲነሣ ስሕተቱ ብቻ አይነሣ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ጥልቅ ባሕር እንስሳት የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አነበብሁት። ይሁንና ጸሐፊው የ19ኛው መቶ ዘመን ብሪታኒያዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ፎርብስን ከ550 ሜትር በታች ሕይወት የለም ብሎ ሳይንስን እንዳሳሳተ ሰው ብቻ ቈጥረው በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፋቸው አግባብ ሆኖ አላገኘሁትም። የጀርባ አጥንት የሌላቸው የባሕር እንስሳት በየትኛው ጥልቀት እንደሚኖሩ በሥርዓት መመዝገብን ካስጀመሩት ሰዎች ዋነኛው እሱ ስለሆነ ጥቂት መጨመር ፈለግሁ።

ፎርብስ እ.ኤ.አ. በ1841 ቢከን በተባለችው የብሪታኒያ ባሕር ኃይል የቅየሳ መርከብ ወደ ኤጂያን ባሕር ሲሄድ የ26 ዓመት ወጣት ነበር። አዛዡ ቶማስ ግሬቭስ የጠረፉንና የደሴቶቹን ካርታ ሲያስነሣ፣ ፎርብስ ደግሞ የባሕሩን ወለል በመጎተቻ መረብ ይቧጥጥ ነበር። መሣሪያው አራት ማዕዘን የብረት አፍ፣ ከኋላው የታሰረ ከረጢትና ረጅም ገመድ እንጂ ሌላ አልነበረም። በዚህ መሣሪያ ከመቶ ጊዜ በላይ ከጎተተ በኋላ ባሕሩን በስምንት የጥልቀት ቀጠናዎች ከፈለው። የመጀመሪያው ከዳርቻው እስከ 2 ፋተም፣ ማለትም አራት ሜትር እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ የመጨረሻው ከ105 እስከ 230 ፋተም፣ ማለትም እስከ 420 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ወደ ታች በተወረደ ቍጥር የዝርያዎቹ ብዛት እየሳሳ መሄዱን ስላየ፣ ይኸው አካሄድ ከቀጠለ 300 ፋተም፣ ማለትም 550 ሜትር ገደማ ላይ ሕይወት ያከትማል ብሎ ገመተ። መረቡ እዚያ ጥልቀት ደርሶ እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

ለእኔ ከግምቱ ይልቅ የሚበልጥብኝ የአመዘጋገቡ ሥርዓት ነው። የብሪታኒያ የሳይንስ ማኅበር በ1839 ለዚሁ ሥራ ኮሚቴ ሲያቋቁም ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ፎርብስ ነበር። ኮሚቴው ለመረብ ጎታቾች የታተመ ቅጽ ያድል ነበር፤ በቅጹ ላይ ቀኑ፣ ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ ከየብስ ያለው ርቀትና የወለሉ ዓይነት ከተሞሉ በኋላ ለእያንዳንዱ ዝርያ በሕይወት የተገኘውና ሞቶ የተገኘው ለየብቻ ይቈጠራል። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። የሞተ ቀንድ አውጣ ዛጎሉን ማዕበል ካለበት አንሥቶ ሩቅ ሊጥለው ስለሚችል፣ ባዶ ዛጎል በአንድ ጥልቀት ተገኘ ማለት እንስሳው እዚያ ይኖራል ማለት አይደለም። ከዚያ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ሰብሳቢዎች ዛጎል የሚፈልጉት ለመደርደሪያቸው ጌጥ ነበርና ስለ ጥልቀቱ የሚጨነቅላቸው አልነበረም።

ታዲያ ግምቱ ለምን ሳተ? አንደኛው ምክንያት ቦታው ነው። ጥልቀት ውስጥ የሚኖሩ እንስሳት ምግብ በአብዛኛው ከላይ የሚዘንበው ፍርፋሪ ነው፤ የሜዲትራኒያን ምሥራቃዊ ክፍል ደግሞ ላዩም በንጥረ ምግብ ድኻ ስለሆነ ወደ ታች የሚወርደው እጅግ ጥቂት ነው። ሁለተኛው መሣሪያው ነው፤ የከረጢቱ አፍ ጠባብ ስለነበረ ለስላሳ ጭቃ ላይ ሲያርፍ ቶሎ በደለል ይሞላና የቀረውን መንገድ የሚጎተተው እንዲያው በከንቱ ነው።

ተቃራኒ ማስረጃም አልጠፋም ነበር። የብሪታኒያ ባሕር ኃይል መኮንን ጆን ሮስ በ1818 በካናዳና በግሪንላንድ መካከል ባለው በባፊን ባሕረ ሰላጤ ጥልቀት ሲለካ ከፎርብስ ወሰን እጅግ ርቆ ከወረደው ገመድ ጋር ቅርንጫፋም የባሕር ኮከብ ተጠምጥሞ ወጥቷል። እንስሳው ምናልባት ገመዱ ሲሳብ መንገድ ላይ ተያይዞ ይሆናል የሚል ማምለጫ ስለነበረ ግን ብዙዎች ከቍም ነገር አልቈጠሩትም። በ1860 በሰርዲኒያና በአልጄሪያ መካከል ከ1,000 ፋተም በላይ ከሚጠልቅ ስፍራ ለጥገና የወጣው የቴሌግራፍ ገመድ ላይ ኮራል ተጣብቆ ሲገኝ ያ ማምለጫ ተዘጋ፤ ገመዱ ላይ ያደገ ኮራል ወለሉ ላይ ኖሯል ከማለት በቀር ምን ይባላል? ፎርብስ በ1854 ዕድሜው 40 ሳይሞላ ስላረፈ ይህን አላየም። በእኔ አስተያየት ትልቁ ጥፋት፣ እሱ በግምት የተናገረውን ሕግ አድርገው የተቀበሉት ሰዎች ጥፋት ነው።

ከዚያ በኋላ ፖርኪዩፓይን የተባለችው መርከብ በ1869 ከ2,435 ፋተም፣ ማለትም ወደ 4,450 ሜትር ከሚጠጋ ጥልቀት ሕያዋን እንስሳት አወጣች፤ ጽሑፋችሁ በሰፊው ያወሳት ቻሌንጀርም ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ዞረች። ሁለቱም ታዲያ መረብ ይጎትቱና ከእያንዳንዱ ጉተታ ጋር ጥልቀቱንና የወለሉን ዓይነት ይመዘግቡ ነበር።

በመጨረሻም አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፉ ስለ ቀይ ባሕር አንድም ቃል አላነሣም። ጀርመናውያኑ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ኤረንበርግና ሄምፕሪች በ1820ዎቹ የዚህን ባሕር ኮራሎችና ሌሎች እንስሳት ሰብስበዋል፤ ሄምፕሪችም በ1825 ምጽዋ ላይ በንዳድ ሞቷል። ጥልቁን ክፍል ግን ፖላ የተባለችው የኦስትሪያ መርከብ ከ1895 እስከ 1898 ባሉት ዓመታት መርምራለች። የቀይ ባሕር ውኃ እስከ ታችኛው ወለል ድረስ ከ21 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቃት ስለሆነ፣ የጥልቀትን ተጽዕኖ ከቅዝቃዜ ለይቶ ለማየት የሚመች ብርቅ ስፍራ ነው። የዓምዱ ጸሐፊ ስለዚህ ጉዞ ለብቻው ቢጽፉልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ይሆናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ