ካርቦኑ የት ነው ያለው?

ደብረ ማርቆስ

ወንድምዓለም፣

እንዴት ከርመሃል? እናታችንስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ አደጉ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ እንደምታውቀው ነው። እናቴም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ አልፎ አልፎ ያማታል።

ሳንጻጻፍ ስንት ጊዜ እንደሆነን አልቆጥርም። አንድ ሰሞን ኔትወርኩ ጠፋ። አንድ ሰሞን መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ዝምታው ራሱ ለመደብን መሰለኝ። ከባሕር ዳር የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር አንተን እጠይቃለሁ። "አለ፣ ደህና ነው" ይሉኛል። ያቺኑ ይዤ ከረምኩ።

በቀደም ግን የአክስትህ ልጅ ለለቅሶ መጥቶ አገኘሁት። ወሬህን ሁሉ አጫወተኝ። ወደ ጠረጴዛ ቴኒስ ተመልሰሃል አሉ! ማታ ማታ ከሥራ ስትወጣ ትጫወታለህ አሉ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ "ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አለን፣ ካርቦን ያለው ራኬት ሊያስመጣ ነው፣ ከሁሉ ፈጣኑን እያፈላለገ ነው" አለኝ። ፈጣኑን! ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ ጮክ ብዬ እስቅ ነበር። ድሮስ ቢሆን በፎርሃንድ፣ በመዳፍህ በኩል፣ ያጎንካት ኳስ ከኋላ ያለውን ግድግዳ ካልደበደበች የመታሃት መች ይመስልህ ነበር?

እንግዲህ ገንዘቡን ሳትልክ ልድረስብህ ብዬ ነው የምጽፈው። እኔ አሁን እዚህ የልጆቹን ራኬት የምጠግን፣ ጎማ የምለጥፍ፣ እንጨት የማማርጥ ሰው ሆኛለሁ። ደሞዝ የለውም። ክርክር ግን ሞልቷል።

መቼም ካርቦን ሲባል ጥቁር ብረት መሳይ ነገር አትጠብቅ። የዓለም ጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን ደንብ ጎማው ሳይቆጠር ከራኬቱ እንጨት ውፍረት ቢያንስ 85 በመቶው የተፈጥሮ እንጨት ይሁን ይላል። በንብርብሮቹ መካከል ከሙጫው ጋር የሚገባው ክር፣ ካርቦንም ሆነ ሌላ፣ ከጠቅላላው ውፍረት 7.5 በመቶ ወይም ከ0.35 ሚሊ ሜትር መብለጥ አይችልም። ከሁለቱ ያነሰው ነው የሚያዘው። ስድስት ሚሊ ሜትር በምታህል እንጨት ውስጥ ወረቀት የምታክል ስስ ነገር ማለት ነው። ግን ያቺ ስስ ነገር የእንጨቱን ጠባይ ትገለብጠዋለች።

ካርቦን የሌለው እንጨት ሲመታ ትንሽ ይለመጣል። ካርቦን አይለመጥም፣ ግትር ነው። ስለዚህ ኳሷ ቶሎ ትወጣለች። ለአጥቂ ከዚህም የሚበልጥ ጥቅም አለው። ከመሃል ስተህ ወደ ዳር ብትነካትም ኳሷ አትሞትብህም። እየሮጠ ለሚመታ ሰው ይኼ ትልቅ ነገር ነው። አንተ ደግሞ ቆመህ መምታት አትወድም። ካርቦን ማማርህ ራሱ ስህተት አይደለም፣ እዚህ ላይ አልከራከርህም።

ንጹሕ ካርቦን ብቻ ያለበትን ግን ተወው። በጣም ይደርቃል፣ እጅህ ኳሷን አይሰማትም። ካርቦኑ አሪሌት ከሚባል ሰው ሠራሽ ክር ጋር ተሸምኖ የተሠራ አለ። ኤ ኤል ሲ ይሉታል። አሪሌቱ ንዝረቱን ስለሚውጠው ምቱ ይለሰልሳል። በእኔ እምነት ለአንተ ከዚህ ሌላ መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ዘመድህ ሱቅ ገብቶ "ካርቦን ነው" ሲሉት የሚጠይቀው አንድ ነገር ይሁን፤ ካርቦኑ የት ነው ያለው? አብዛኛው የአጥቂ እንጨት አምስት የእንጨትና ሁለት የክር ንብርብር ነው። ክሩ ከላይኛው ስስ እንጨት ሥር ወዲያው ሊገባ ይችላል። ወይም ጠልቆ ገብቶ የመሃሉን ወፍራም እንጨት ግራና ቀኝ ያቅፈዋል። ስማቸው ሊመሳሰል፣ ዋጋቸውም ሊቀራረብ ይችላል። እጅህ ላይ ሲሆኑ ግን አይገናኙም።

ክሩ ላይ ላዩን ሲሆን ኳሷ ገና ስትነካው ይመልሳታል። ቀስ ብለህ ብትነካትም ይመልሳታል። አጭር ሰርቭ ተቀብለህ መረቡ ሥር አስቀምጣለሁ ስትል ኳሷ ብድግ ትልና ባላጋራህ ከላይ አጥብቆ እንዲመታት ትመቻቻለች። ክሩ ውስጥ ሲሆን ግን በለስላሳ ንክኪ የሚሰማህ እንጨቱ ብቻ ነው። ኳሷ ለአፍታ ቆየት ትልልሃለች፣ ለማሽከርከር ጊዜ ታገኛለህ። አጥብቀህ ስትመታ ግፊቱ እስከ ካርቦኑ ይደርስና ያኔ ጉልበቱን ታየዋለህ። ገር ስትሆን ገር፣ ስትቆጣ ቁጡ ነው።

ሁለቱም የዓለም ቁንጮዎችን አሸልመዋል፣ አንዱ መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም። ቻይናዊው ዣንግ ጂኬ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ሲያጠልቅ በቪስካሪያ ነበር የሚጫወተው። ቪስካሪያ የጃፓኑ በተርፍላይ ሥራ ነው። ውፍረቱ 5.8 ሚሊ ሜትር፣ ላዩ ኮቶ የሚባል ጠንካራ እንጨት፣ ኤ ኤል ሲው ደግሞ ከኮቶው ሥር ወዲያው ነው። ሪዮ ላይም ቶኪዮ ላይም በነጠላ ወርቅ የወሰደው ማ ሎንግ በሌላ መንገድ ነው የሄደው። በስሙ የሚሸጠው የቻይናው ሀሪኬን ሎንግ 5 ክሩ ጠልቆ የገባበት ነው፣ ላዩም ለስለስ ያለ ሊምባ ነው። (ኮቶም ሊምባም ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የሚመጡ ዛፎች ናቸው። ከአህጉራችን ወጥተው፣ ሩቅ ምሥራቅ ደርሰው፣ ስንት እጥፍ ዋጋ ተሸክመው ይመለሱልናል። ይህን ሳስብ ይቆጨኛል፣ ግን የዛሬው ወጋችን አይደለም።)

አንተ የትኛው ነህ? ዣንግ ጂኬን ለመሆን በቀን ስንት ሰዓት እንደሚለማመዱ ታውቃለህ። አንተ ከሥራ በኋላ ነው የምትጫወተው። ድክመትህንም አውቀዋለሁ። ኳሷ ከፍ ብላ ከመጣችልህ ማንም አይችልህም። ዝቅ ብላ፣ ወደኋላ እየተሽከረከረች ስትመጣ ግን መረብ ትሰጣታለህ። ያ ሁሉን ነገር እየቆረጠ የሚመልሰው መምህር ትዝ ይልሃል? አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ ግን አሁንም ይመጣል። አሁንም ሹራቡን ሳያወልቅ ወጣቱን ሁሉ ያደክማል። እንዲህ ያለውን ሰው የሚሰብረው ፍጥነት አይደለም። የመጀመሪያዋን ኳስ ከሥር አንስቶ በሽክርክሪት መክፈት ነው። ለዚያ ደግሞ ኳሷን ትንሽ ያዝ የሚያደርግልህ እንጨት ያስፈልግሃል።

ሌላም ነገር አለ። ይኼን ሻጩ አይነግርህም፣ እሱ የሚኖረው ጎጃም አይደለማ። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር ዳር 1,800 ገደማ ናት። እዚህ እኛ ጋ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ኳስን ፍሬን የሚይዝባት ነገር ይቀንሳል፣ ትፈጥናለች። ቶፕስፒን የያዘችን፣ ማለትም ወደፊት እየተሽከረከረች የምትሄድን ኳስ ወደ ጠረጴዛው ጎትቶ የሚጥላትም ያው አየር ነው። እሱ ሲሳሳ መጎተቱም ይደክማል፣ ኳሷ እንደ ሐሳብህ አትጎብጥም፣ አልፋ ትሄዳለች። ከባሕር ዳር መጥተህ እዚህ ስትጫወት ኳስህ ሁሉ በአንዲት ጣት ረዝማ ከጠረጴዛው የምታልፈው ለዚህ ነው። አንተ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ታሳብብ ነበር!

ስለዚህ ወንድሜ፣ ፍጥነቱን አየሩ በነጻ ይሰጥሃል። በገንዘብህ መግዛት ያለብህ ሽክርክሪት የሚያወጣልህን ነገር ነው። ኳሷም ብትሆን የድሮዋ አይደለችም። እኛ ስንጀምር ሴሉሎይድ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ትልልቆቹ ውድድሮች በፕላስቲክ ናቸው። ትንሽ ገዘፍ ትላለች፣ ሽክርክሪትም እንደ ድሮዋ አትቀበልም። በአየሩም በኳሷም በኩል የሚቀነስብህ ሽክርክሪት ነው።

በአጭሩ ምክሬ ይኼ ነው፤ ኤ ኤል ሲው ወደ ውስጥ ጠልቆ የገባበትን እንጨት ግዛ። ከበተርፍላይ ከሆነ ኢነርፎርስ ሌየር ኤ ኤል ሲ የሚባለው አለ፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ያ ከተወደደ ሎንግ 5ን ይጠይቅ። እሱም ከተወደደ፣ አትቆጣኝና፣ ምንም ካርቦን የሌለው ባለ ሰባት ንብርብር እንጨት ግዛ። የስዊድኑ ስቲጋ ክሊፐር የሚባለው ስንት አጥቂ ያሳደገ ነው። ርካሽ ካርቦን ከምትይዝ ጥሩ እንጨት ብትይዝ ይሻልሃል።

ዘመድህ ሱቅ ሲገባ ክብደቱን ያስመዝን። ባዶው እንጨት ከ85 እስከ 88 ግራም ቢሆን ጥሩ ነው። ከ90 ካለፈ ይተወው። ጎማ ሲለጠፍበት ሙሉው ራኬት 190 ግራም አልፎ ይሄዳል፣ ጨዋታው ሳያልቅ ክንድህ ይዝላል። አንድ ዓይነት ሁለት ሦስት እንጨት ካሳዩት ባዶው ላይ ኳስ እያነጠረ ያዳምጥ። ድምፁ ቀጭን የሆነው ግትር ነው፣ ወፈር ያለው ለስላሳ ነው። አንተ ወፈር ያለውን ነው የምትፈልገው። እጀታው ጫፉ ሰፋ ያለው ይሁን፣ እጅህ በላብ ሲረጥብ አያመልጥህም። መቼም ባሕር ዳር ላብ አይጠፋም።

አስመስለው የሚሠሩም ሞልተዋል። በተለይ ቪስካሪያ። ዋጋው ከሌላው ሱቅ ግማሽ ከሆነ ነገር አለው ማለት ነው፣ ጥሎት ይውጣ።

ስለ ጎማው ብዙ አልልም፣ ምርጫህን አውቃለሁ። ለፎርሃንድህ የሚያጣብቀውን የቻይናውን ሀሪኬን 3 ትወዳለህ፣ ከዚህ እንጨት ጋርም ይስማማል። ግን የበጋ አቧራ ጠላቱ ነው። ተጫውተህ ስትጨርስ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገህ ላዩን በፕላስቲክ ሸፍነው። ለባክሃንድህ፣ በእጅህ ጀርባ በኩል ለምትመታበት፣ ከሥሩ ለስለስ ያለ ስፖንጅ ያለው ጎማ ይሁን፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ሁለቱንም ከባድ ካደረግሃቸው ስለ እንጨቱ ክብደት ያወራነው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

አደራ የምልህ ግን ስለ ማስቲሹ ነው። ጫማ ሰፊ ጋ ወስደህ እንዳታስለጥፈው! ለድሮው ራኬታችን ችግር የለውም ነበር። ያ ኃይለኛ ሽታ ያለው ማስቲሽ ስፖንጁን ያሳብጠዋል፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም። በውድድር ላይም እንዲህ ያለው ሙጫ እ.ኤ.አ. በ2008 ተከልክሏል። በውኃ የተሠራው ሙጫ ነው ትክክለኛው። ሲቀባ ነጭ ነው፣ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ያሳያል። ሳይጠራ አትለጥፍ። ጎማውን ለመቀየር ስትልጠው ደግሞ እንደ እንጨቱ መስመር፣ ቀስ እያልክ ይሁን። ሊምባ ለስላሳ ስለሆነ ከጎማው ጋር ተልጦ ይመጣል። ከመጀመሪያው ስስ ቫርኒሽ ብትቀባው ይህ አያጋጥምህም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጣም ስስ። ካበዛህበት እንጨቱ ይደርቃል።

እንጨቱ ሲደርስ ባዶውን ወደዚህ ላከው፣ እኔው ለጥፌ እልክልሃለሁ። የተሻለው ደግሞ አንተው ይዘኸው ብትመጣ ነው። መምህሩ ስላንተ ነግሬዋለሁ፣ "ይምጣ፣ ሹራቤን አላወልቅም" ብሏል። ጠረጴዛው አዲስ ባይሆንም መረቡ ተቀይሯል፣ መብራትም አለ። ማደሪያህ እኛ ቤት ነው፤ እናቴ ሌላ ቦታ ማደርህን ብትሰማ ሁለታችንንም አትምረንም።

ለዘመድህ ቶሎ ደውልለት፣ ሻንጣው ሳይሞላ። ቦታ ከተረፈው ሁለት ጠርሙስ የውኃ ሙጫ ይጨምርልኝ፣ ገንዘቡን በባንክ አስገባለታለሁ። ልጆቹ የሚለጥፉበት አጥተው ተቸግረዋል። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

ለእናታችን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ለባለቤትህና ለልጆቹም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ያንተው ወንድምህ