ጆሮው ላይ ዝጊበት

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። አባትሽም ጉልበቱ ተሽሎት ማታ ማታ ሐይቁ ዳር መራመድ ጀምሯል።

ደመወዝሽ በባንክ መግባት መጀመሩን ስትነግሪኝ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን ሐሳብ ያዘኝ። አሁን ስልክሽ ውስጥ ብር አለ ማለት ነው። በስልክ ብነግርሽ «እሺ እማዬ» ብለሽ ስለምታልፊው ነው የጻፍኩልሽ።

ያሳሰበኝ ሌላ አይደለም፣ ጨዋነትሽ ነው። ሰው ሲያወራ አታቋርጪም፣ ትልቅ ሰው ሲያዝሽ እሺ ትያለሽ፣ ይሉኝታም አለብሽ። እንደዛ አድርገን ስላሳደግንሽ ደስ ይለኛል። «ከባንክ ነው የምንደውለው» የሚሉት ሌቦች ግን የሚገቡት በዚችው በር ነው። የሚደውልልሽ ሰው ድምፁ የረጋ ነው፣ «እመቤት» ይልሻል፣ ስምሽን ከነአባትሽ ይጠራልሻል። ስሜን ካወቀማ እውነት ባንክ ነው እንዳትይ! ብር ለመላክ የሒሳብ ቁጥርሽን ያስገባ ሰው ሁሉ ስምሽ ይመጣለታል። ስም ማወቅ ምንም ማለት አይደለም።

ሱቃችን የቴሌብር ኤጀንት ስለሆነ ብዙ ነገር አያለሁ። በቅርቡ አንድ አባት ስልኩን በትከሻቸው ደግፈው ገቡ። ብር ቆጥረው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ሰጡኝ። «አባባ፣ ለማን ነው?» ስላቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም በይ አሉኝ። ከስልኩ ውስጥ «አባቴ፣ እንዳይዘጉት፣ ከዘጉት ሽልማቱ ለሌላ ሰው ያልፋል» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ለካ ባንኩ መኪና ሸልሞዎታል፣ የቀረው የግብሩ ክፍያ ብቻ ነው ተብለው ነው። ብሩን አልነካሁትም። ወንበር ሰጥቻቸው «አባባ፣ እኔ ይህን አልክም፣ መጀመሪያ ስልኩን ይዝጉትና ባንኩ ጋ እንደውል» አልኳቸው። ሰውየው ይህን ሲሰማ ያ ለስላሳ ድምፁ ወደ ስድብ ተቀየረ። እሳቸውም የነቁት ያኔ ነው። የባንክ ሠራተኛ ደንበኛውን አይሰድብም፣ ልጄ።

ልብ በይ፣ የሚያስፈራቸው ነገር ስልኩ መዘጋቱ ነው። ለማሰብ ፋታ እንዳታገኚ፣ ሰው እንዳታማክሪ፣ ቶሎ ቶሎ ያስኬዱሻል። «ሒሳብዎ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይታገዳል» ይሉሻል፣ ወይም «አሁን ከሒሳብዎ ብር እየወጣ ነው፣ እናቁመው?» ይሉሻል። ይቺ ሁለተኛዋ ከሁሉም ትብሳለች፣ ምክንያቱም ሊያድንሽ የመጣ ነው የሚመስለው። ከዛ «አሁን በሜሴጅ የደረሰዎትን ኮድ ያንብቡልኝ» ይልሻል። ኮዱን የጠራው እሱ ራሱ ነው፤ በሌላ ስልክ ሒሳብሽን ሊከፍት ሲሞክር ነው ወዳንቺ የተላከው። አንብበሽ ከሰጠሽው ቁልፉን ሰጠሽው ማለት ነው። ፒንሽንም፣ ኮዱንም የትኛውም ባንክ፣ ቴሌም ሆነ ኤምፔሳ ደውሎ አይጠይቅሽም። ማናጀር ነኝ ቢል፣ ፖሊስ ነኝ ቢል፣ ስለ ፋይዳ መታወቂያ ነው ቢል ያው ነው። ብር ስለሌለኝ ምን ይወስዳሉ ብለሽም እንዳትዘናጊ፤ ቴሌብር ላይ እንደ መላ ያለ ብድር አለ፣ ፒንሽን የያዘ ሰው በስምሽ ሊበደርና ዕዳውን ላንቺ ሊተውልሽ ይችላል።

እና ምን ታደርጊያለሽ? ጆሮው ላይ ዝጊበት። «ይቅርታ፣ ልዘጋው ነው» ማለትም አይጠበቅብሽም። ከዛ ራስሽ በምታውቂው ቁጥር ደውይ። ንግድ ባንክ 951 ነው፣ ቴሌብር 127፣ ሌላ ባንክ ካለሽ ደግሞ ቁጥሩን ቅርንጫፋቸው ሄደሽ ጠይቂና ስልክሽ ላይ መዝግቢው። እሱ በሰጠሽ ቁጥር አትደውይ፣ እዛም የሚያነሳው የእሱ ጓደኛ ነው።

አንዳንዶቹ ደግሞ ኮድ አይጠይቁም። «መስመሩን ለማስተካከል ይህን ይደውሉ» ብለው በኮከብና በ21 የሚጀምር ቁጥር ይሰጡሻል። ይህ ወዳንቺ የሚመጣውን ጥሪ ሁሉ ወደ እነሱ ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ነው። ከተጠራጠርሽ *#21# ብለሽ ደውይና ጥሪሽ ወደ ሌላ ቁጥር ተላልፎ እንደሆነ እይ፤ ተላልፎ ካገኘሽው ##002# ያጠፋዋል። ይህን ለሥራ ባልደረቦችሽም ንገሪያቸው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ቴሌግራም ላይ የባንክ ሎጎ ለጥፎ «የበዓል ስጦታ፣ ሊንኩን ለ10 ሰው ሼር ያድርጉ» የሚለውን አትንኪው። የባንክ አፕ በቴሌግራም ፋይል ሆኖ ከተላከልሽም አትጫኚው፣ የምታወርጅው ከፕሌይ ስቶር ብቻ ይሁን። ስልክሽን ከሩቅ የሚያዩበትን አፕ አስጭነው ፒንሽን ስትጽፊ የሚያዩም አሉ።

ሌላው «እህት፣ በስህተት 5,000 ብር ልኬልሻለሁ፣ እባክሽ መልሺልኝ» የሚለው ነው። አንጀትሽን ይበላሻል፤ የልጄ መታከሚያ ነው ይልሻል። ሜሴጁን ተይውና አፕሽን ከፍተሽ ቀሪ ሒሳብሽን እይ። እኔም ሱቅ ውስጥ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ዘይት ወስዶ «ከፍያለሁ» ብሎ ስክሪን ሹት የሚያሳየኝን ሁሉ «ቆይ የኔ ልጅ፣ ይግባልኝ» እለዋለሁ። የሚቆጣ አለ፣ ይቆጣ። አንድ ጊዜ አንዱ ልጅ ያሳየኝ ሜሴጅ አጻጻፉ ቁርጥ የቴሌብር ነበር፣ ከላይ የላከው ቁጥር ግን በ09 የሚጀምር የግለሰብ ቁጥር ነው። ብሩ እውነት ገብቶልሽ ከሆነ ደግሞ የሰው ገንዘብ ነው፣ አትንኪው። ግን በነገረሽ ቁጥር አትላኪለት፣ ባንኩ ራሱ ይመልስለት።

ክፉ አይንካሽና አንድ ቀን ቢሸውዱሽ እዛው ወዲያው ለባንኩ ደውለሽ ሒሳብሽን አሳግጂ፣ ፒንሽን ቀይሪ፣ ሜሴጁን ሳታጠፊ ፖሊስ ጋ ሂጂ። በሕግ የሚያስጠይቅ ነው፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። እኔም እንዳልቆጣሽ ብለሽ እንዳትደብቂኝ። ጎረቤታችን፣ ያቺ መናኸሪያ ጋ ቡና የምታፈላው፣ የዕቁብ ብሯን ወስደውባት አፍራ እስከ ማግስቱ ለማንም አልተናገረችም። ባንኩ ጋ ስትደርስ ብሩ ወጥቶ አልቋል። ሞኝ ሆና አይደለም፤ ሰዎቹ ሥራዬ ብለው ቀኑን ሙሉ የሚውሉበት ነገር ነው።

በመጨረሻ፣ በእኔ ቴሌግራም «እማዬ ነኝ፣ ቸግሮኛል፣ በዚህ ቁጥር ላኪልኝ» የሚል ቢመጣልሽ፣ የሰው አካውንት ይሰርቃሉና፣ ደውለሽ ድምፄን ሳትሰሚ አንድ ብር እንዳትልኪ። ድምፄን ሰምተሽም ከጠረጠርሽ የአክስትሽን የቤት ስም ጠይቂኝ። እኔም ባንቺ ስም ከተጠየቅሁ እደውልልሻለሁ፣ ስብሰባ ላይ ብትሆኚም አንሺው።

እናትሽ፣ ከሐዋሳ