በግራ እጃቸው ፈረሙለት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን ባልቲሞር ሆኜ የምከታተል አንባቢ ነኝ። በስፖርት ገጻችሁ ላይ የቀድሞ አትሌቶቻችን ስም የሚነሣው በአብዛኛው ሲታመሙ ወይም ሲያርፉ መሆኑን ካስተዋልኩ ቆይቻለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው ነው። ነገሩን ለማስረዳት ግን ከሩጫ ሳይሆን ከቤዝቦል እንድጀምር ይፈቀድልኝ።

ቤዝቦልን ወድጄው አላውቅም ነበር፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰው ቆሞ ኳስ የሚጠብቅበት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። በ2015፣ በአንድ የጁላይ እሑድ፣ ያኔ የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረው ልጄ ስለነዘነዘኝ ይዤው ወደ ካምደን ያርድስ ስታዲየም ሄድኩ። መቀመጫችንን ስንፈልግ መተላለፊያው ላይ ረጅም ሰልፍ አየን፤ በሰልፉ ጫፍ አንድ አዛውንት ከተራ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው ለመጣው ሁሉ ይፈርማሉ። ማን እንደሆኑ ከፊታችን የቆመውን ሰው ብጠይቀው፣ ከየት የመጣህ ነህ በሚል ዓይን አይቶኝ ብሩክስ ሮቢንሰን መሆናቸውን ነገረኝ። በእኔ ጆሮ የገባው ግን «ብሩክ» ሆኖ ነው።

ሮቢንሰን ከ1955 እስከ 1977 ድረስ፣ ለ23 የውድድር ዘመናት፣ በዋናው ሊግ ከባልቲሞር ኦሪዮልስ ሌላ ማሊያ አልለበሱም። ይጫወቱ የነበረው ሦስተኛው ቤዝ ላይ ሲሆን፣ ይህ ቦታ ኳስ በቅርብ ርቀት እንደ ጥይት የሚመጣበት ነው፤ እርሳቸው ግን 16 ዓመት በተከታታይ በቦታቸው ምርጥ ተከላካይ ተብለው የወርቅ ጓንት ተሸልመዋል። በ1970 ኦሪዮልስ ሲንሲናቲን በተከታታይ የፍጻሜ ጨዋታዎች 4 ለ 1 ረትቶ ዋንጫውን ሲወስድ የፍጻሜው ኮከብም እርሳቸው ነበሩ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ተራችን ሲደርስ የልጄን ስም ጠየቁት፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እያስነገሩ ኳሱ ላይ ጻፉለት፤ የጻፉትም በግራ እጃቸው ነበር። ልጄ ግራኝ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ በሰነበተች ጊዜ በግራው ሲጎርስ ባየችው ቁጥር እጁን መታ እያደረገች በቀኝህ ብላ ትለው ነበር። ጠረጴዛው ላይ በነበረው የድሮ ፎቶግራፍ ሰውዬው በቀኛቸው ሲወረውሩ፣ ከፊቱ ደግሞ በግራቸው ሲጽፉ አይቶ አንዴ ፎቶውን አንዴ እጃቸውን እያየ ቀረ። በእርግጥም ሮቢንሰን ሲጽፉ ግራኝ፣ ሲወረውሩና ሲመቱ ቀኝ ነበሩ። በዚያው ስታዲየም በ2012 የቆመ የነሐስ ሐውልታቸው አለ፤ ሰልፍ የነበረው ግን ጠረጴዛዋ ጋ ነው።

ወደ ቤት ስነዳ ትዝ ያሉኝ ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር ናቸው። «ማርሽ ቀያሪው» በ1972 ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝተው፣ በ1976 አገራችን ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ በመቅረቷ ሳይሮጡ ቀርተው፣ በ1980 ሞስኮ ላይ 5 ሺሁንም 10 ሺሁንም በወርቅ ያጠናቀቁ ሰው ናቸው። በዚያን ጊዜ የሚኖሩት ቶሮንቶ ነበር። እኔም ቶሮንቶ እህት አለችኝ፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ ናያጋራ ፏፏቴን አይቼ ተመልሻለሁ፤ ሻምበሉ የት ይገኛሉ ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ያን እሑድ በሚመጣው ዓመት ልጁን ይዤ እሄዳለሁ አልኩ። በሚመጣው ዓመት ሥራ በዛብኝ። በዲሴምበር 2016 ማረፋቸውን በዜና ሰማሁ።

በየጁላዩ በሰሜን አሜሪካ በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድርም ሆነ በአዲስ አበባ የጎዳና ሩጫዎች ላይ የቀድሞ ስፖርተኞችን በክብር እንግድነት መጋበዝ መልካም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ የክብር እንግዳ ፊት ረድፍ ተቀምጦ፣ ሰርተፊኬት ተቀብሎ፣ በመኪና የሚሸኝ ሰው ስለሆነ ሕፃን አይደርስበትም። አዘጋጆቹን የምጠይቀው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የድሮ ፎቶግራፍና አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ጋዜጣችሁም ፈቃደኛ የሆኑትን በየከተማው እየፈለገ በወር አንዱን እንኳ ቢያነጋግር፣ የት እንዳሉ ሳናውቅ አጠገባቸው አናልፍም ነበር። ጠረጴዛው ከቸገረ እኔ ከባልቲሞር ጭኜ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከባልቲሞር