ለትንንሽ ጎብኚዎች አንዲት በርጩማ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት በአንባቢያን ዓምድ የወጣውን ስለ ሙዚየምና ስለ ሕፃናት የተጻፈ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ቅርስ ወዳድ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። ሐሳባቸው ባጭሩ ዕድሜያቸው ከሰባት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ሙዚየም ባይገቡ ይሻላል የሚል ነው። ይሮጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ ይነካካሉ፣ ያዩትንም አያስታውሱም ይላሉ። እኔ 19 ዓመት የሙዚየም አዳራሽ ጠባቂ ሆኜ ሠርቼ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። ከአራቱ ክሶች ሦስቱን በዓይኔ አይቻለሁና አልክድም። የተከሰሰው ሰው ግን ሌላ መሆን ነበረበት።

አዳራሽ ውስጥ ቆሞ የሚውል ሰው ቅርሱን የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያየው ሰውን ነው። ማን ለማየት እንደመጣ፣ ማን ፎቶ ለመነሣት እንደመጣ፣ ማን ዝናብ አባርሮት እንደገባ ከአረማመዱ መለየት ይጀምራል። ልጆች ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ይታወቃል፤ ይቸኩላላ! በአንድ እጁ የሕንፃውን ካርታ፣ በሌላው እጁ ልጁን ይዟል፤ ዓይኑ ያለው የሚቀጥለው በር ላይ ነው። «ና፣ ቶሎ በል፣ ገና ሁለት ፎቅ ይቀረናል» ሲባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሰው ሙዚየም የሚገባው እንደ አዝመራ አጭዶ ሊጨርሰው ነው። ሰዓት ይዤ የለካሁት ነገር የለም፤ ነገር ግን በመግቢያው አዳራሽ የልጅ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ከአራተኛው ክፍል ወዲያ ነው።

ድካሙ የልጅ ብቻ አይደለም። ሥራ በጀመርን ሰሞን በተሰጠን ሥልጠና ላይ የሰማሁትን እስካሁን አልረሳሁትም። እ.ኤ.አ. በ1916 ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን የተባለ፣ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚሠራ ሰው «የሙዚየም ድካም» ብሎ ስለሰየመው ነገር ጽሑፍ አወጣ። አንድ ጎልማሳ ሰው በመስታወት ሣጥኖች ውስጥ ያሉትን ነገሮች አይቶ፣ መግለጫቸውንም አንብቦ ለመረዳት ምን ያህል እንደሚያጎነብስ፣ እንደሚንበረከክና አንገቱን እንደሚያጣምም በፎቶግራፍ እያስነሣ አሳየ። ጥፋቱ ከጎብኚው ስንፍና ሳይሆን ከአቀማመጡ መሆኑን ነበር የሚናገረው። እንግዲህ ያ ሰውዬ ሙሉ ቁመት ያለው ነበር። የልጁን አስቡት።

እኔ ያሰብኩት በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን የደንብ ልብሴ ቁልፍ ተበጥሶ ወደቀና በአራት እግሬ እየዳህኩ ስፈልግ አዳራሹን ከታች አየሁት። በ12 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ! የማውቀው ክፍል አልነበረም። የመስታወቱ የታችኛው ክፍል ከጣሪያው የሚመጣውን መብራት መልሶ ዓይኔ ላይ ይረጨዋል። ከሣጥኑ ውስጥ የሚታየኝ የእንጨቱ ጠርዝ ነው። መግለጫው የተጻፈበት ሰሌዳ ከሥር ሲታይ ባዶ ብረት ነው። የቀረው ቀበቶ፣ ቦርሳና ጉልበት ነው። ሥዕል ሲሰቀል መካከሉ ከወለሉ ከ145 እስከ 155 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ እንዲሆን ይደረጋል፤ ይህ የቆመ አዋቂ ሰው ዓይን ልክ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሙሉ ቁመቱ ራሱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ ይህ ልጅ ምን አይቶ ነው ዝም የሚለው? እኔም እዚያ ወለል ላይ ግማሽ ሰዓት ብቆይ ኖሮ መሮጥ ያምረኝ ነበር።

በማግስቱ ዕቃ ከመጣበት የሣጥን ጣውላ ላይ ቆራርጬ አንዲት በርጩማ ሠራሁ። ቁመቷ 25 ሳንቲ ሜትር ናት። ጠርዟን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ እንዳትንሸራተት እግሮቿን ጎማ አለበስኩ። ጠዋት ጠዋት ከአንዱ ሣጥን ሥር አደርጋታለሁ፣ ማታ አነሣታለሁ። ምን እንደሆነች የነገርኩት ልጅ አልነበረም፤ ራሳቸው ያውቃሉ። እየጎተቱ ከሣጥን ሣጥን ይወስዷታል። በሦስተኛው ሳምንት አለቃዬ ጠሩኝና ሰው ተደናቅፎ ቢወድቅ ተጠያቂው ማን ነው አሉኝ። የተደናቀፈ ሰው አልነበረም፤ ተጠያቂ ግን አስቀድሞ መገኘት ነበረበት። በርጩማዋ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባች።

ልጆች ምን እንደሚወዱ ከእኔ ይልቅ የምታውቀው የጽዳት ባልደረባችን ነበረች። ማታ ማታ መስታወቱን ስትወለውል፣ ከታች በኩል የተጫነ አፍንጫና የጣት አሻራ የበዛበትን ሣጥን ታሳየኝ ነበር። የወርቁ ዘውድ ሣጥን ከላይ በኩል በአዋቂዎች ጣት ይቆሽሻል፤ ከታች ንጹሕ ነው። ከታች የሚቆሽሹት የሞተችው ጥንዚዛ ያለችበት፣ የአይጥ ወጥመዱ ያለበት፣ አንዲት የተሰበረች የሕፃን ጫማ የተቀመጠችበት ነበሩ። «ነገ እዚህ ጋር ቁም፤ ልጆቹ እዚህ ናቸው» ትለኛለች። ነገሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። በቺካጎ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ሙዚየም ጫጩቶች ከእንቁላል ሲፈለፈሉ የሚታዩበት ቦታ አለ፤ እዚያ ያለው የወለል ንጣፍ ጎብኚ ሲመላለስበት እያለቀ በየስድስት ሳምንቱ ይቀየር እንደነበር ይነገራል። በሌላው ክፍል ያለው ንጣፍ ዓመታት ይቆያል። ሰው ምን እንደሚወድ ከአፉ ከመጠየቅ ወለሉን ማየት ይሻላል።

አሁን ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝን ነገር ልንገራችሁ። በግድግዳው ሥር፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ማንም የማያየው አንድ ማሰሮ ነበር። ግራጫ ነው፣ አፉ ተሸርፏል፣ ጌጥ የለውም። ከጆሮው ሥር ግን፣ ጭቃው ሳይደርቅ ጆሮውን ለማጣበቅ የተጫነ አውራ ጣት ምልክቱን ትቷል፤ መስመር መስመሩ ሳይቀር ይታያል። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ፣ ቢጫ ካፖርት የለበሰች፣ ከአባቷ ጋር መጣች። ቁጢጥ አለችና አየችው። ከዚያ የራሷን አውራ ጣት ከመስታወቱ ውጭ ትክክል ላይ አስቀመጠች። ደንቡ መስታወት አይነካ ይላል፤ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

«የማን ጣት ነው?» አለችኝ።

«ማሰሮውን የሠራው ሰው።»

«የት ሄደ?»

መልሱን ሳስብ አባቷ እጇን ያዘና «ነይ እንጂ፣ ወርቁ እኮ እዚያ ነው ያለው» ብሎ ወሰዳት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለልጁ የተሻለውን ሊያሳያት ነው የቸኮለው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከወርቁ ክፍል ልቅሶ ተሰማ። ተረኛው ጓደኛዬ በሬዲዮ «አንዲት ቢጫ የለበሰች ሕፃን ረብሻለች» አለ። እንግዲህ የጠፋውን ዝምታ ማን እንደሰበረው አንባቢ ይፍረድ።

ስለ መነካካት ጸሐፊው ያሉትን አላቃልልም። የጣት ላብና ቅባት ብረት ያበላሻል፤ ድንጋይም ቢሆን ስንት ዘመን ይችላል? በቫቲካን በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ያለው የሐዋርያው የነሐስ ሐውልት፣ ምእመናን ለዘመናት እየዳሰሱትና እየሳሙት የቀኝ እግሩ ጣቶች አልቀው ልሙጥ ሆነዋል። ይህን የሠሩት ሕፃናት አይደሉም። ለልጅ «አትንካ» ብቻ ሲባል ክልከላ ነው፤ የሐውልቱን እግር ፎቶ ብታሳዩት ግን ታሪክ ይሆንለታል። ለልጅ ልጄ ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ የሚዞረው እሱ ነው፣ እኔን የሚቆጣጠረኝም እሱ ነው። የጨለመውም ክፍል እንዲሁ ነው። «አባባ፣ መብራት ጠፍቷል?» ሲለኝ፣ የድሮ ጨርቅና ወረቀት ብርሃን እንደሚበላው፣ ለዚህም መብራቱ ከ50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) እንዳያልፍ እንደሚደረግ፣ ይህም የአንድ ቢሮ ብርሃን አንድ አሥረኛ እንደሆነ ነገርኩት። ሉክሱ አልገባውም። ብርሃን ይበላል የሚለው ግን ሳምንት ሙሉ ሲያወራው ከረመ።

አደጋም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 በነሐሴ ወር፣ በእስራኤል ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው ሄክት ሙዚየም አንድ የአራት ዓመት ልጅ ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት ሲስበው ቢያንስ 3,500 ዓመት ያስቆጠረ እንስራ ወድቆ ተሰባበረ። እንስራው ያለ መስታወት የቆመው ሳይታሰብ አልነበረም፤ ሙዚየሙ ሰው ቅርሱን ያለ ግርዶሽ እንዲያየው ስለሚፈልግ ነው። ታዲያ ምን አደረጉ? ቤተሰቡን መልሰው ጋበዙ፣ አስጎበኙ፣ እንስራውንም ጠግነው ወደ ቦታው መለሱት። እኔ በዚያ ቀን ተረኛ ብሆን ኖሮ ልቤ ትቆም ነበር፤ ይህንን ልደብቅ አልችልም። ነገር ግን ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ ከአፉ አጮልቆ ማየት የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ሥራ አይደለምን? ለልጆች ብቻ ተብሎ የመጀመሪያው ሙዚየም በብሩክሊን በ1899፣ ሁሉ ነገር የሚነካበት ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለው የሳይንስ ሙዚየም ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ በ1969 ሲከፈቱ (ሁለቱም እ.ኤ.አ. ነው) የገባቸው ይኸው ይመስለኛል።

አያስታውሱም ለሚለው ግን አንድ ነገር ልበል። እውነት ነው፤ አብዛኛው ሰው ከሦስት ዓመቱ በፊት የሆነውን አያስታውስም። እናቱ ያለችለትን እሽሩሩም አያስታውስም። እሽሩሩው ይቅር ያለ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሁለት የልጅ ልጆቼን፣ የአራትና የስድስት ዓመት፣ ቅዳሜ ጠዋት ይዣቸው እወጣለሁ። ሙዚየም ብቻ አይደለም፤ መናፈሻም፣ የእንስሳት ማቆያም፣ የባቡር ጣቢያም እንሄዳለን። ልጄ መጀመሪያ ላይ «ሃያ ደቂቃ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ?» ብላኝ ነበር። አዎ፣ ሃያ ደቂቃ። ስንገባ መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት እንሄዳለን፤ ይህን የዘለለ ሰው በኋላ ከሦስተኛው ፎቅ እየሮጠ ሲወርድ ብዙ አይቻለሁ። ከዚያ አንድ ነገር እናያለን። አንድ። የሚመርጡት እነሱ ናቸው፣ ተራ በተራ። የእንስሳት ማቆያ የሄድን ጊዜ ታናሹ የመረጠው አንበሳውን አልነበረም፤ የአንበሳውን ቤት በውሃ ቱቦ የሚያጥበውን ሰውዬ ነበር። ሙሉ ሃያ ደቂቃ ቆመን አየነው። ሰውየውም ነገሩ ገብቶት ቱቦውን ከፍ አድርጎ ውሃውን እንደ ቀስት ወረወረልን። አንበሳው ተኝቶ ነበር፤ ምንም አላመለጠንም።

ልጆቹ ገና ማየት እየፈለጉ እንወጣለን። ይህ ነው ለወላጆች የሚከብደው፤ ለእኔም መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። ልጁ በደስታ ላይ እያለ «በቃ፣ እንሂድ» ማለት እንደ ስስት ይቆጠራል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ጫማውን አድርጎ በር ላይ የሚጠብቀኝ እሱ ነው።

ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቴም ሦስት ጊዜ ወስጄያቸዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ የሄድነው ወደዚያው ማሰሮ ነው። ታላቂቱ በየጊዜው አውራ ጣቷን ከመስታወቱ ውጭ ትለካለች። በመጀመሪያው ግማሹን ያህል ነበረች። ባለፈው ጊዜ «አባባ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» አለችኝ። የማሰሮው ሠሪ የት እንደሄደ እሷም ጠይቃኛለች፤ አሁንም በቂ መልስ የለኝም፣ እየተነጋገርንበት ነው። ታናሹ ግን ማሰሮውን ለማየት ሲንጠራራ አንገቱን አመመው። መደርደሪያው በቅርቡ ከፍ ተደርጓል፤ አዋቂዎች ማጎንበስ በዝቶባቸው መሆን አለበት። አቀፍኩት። ወገቤ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

የሙዚየም ኃላፊዎች ይህን ጋዜጣ እንደሚያነቡ አውቃለሁ፤ አለቃዬ ዕረፍት ሰዓት ላይ ያነቡት ነበር። በርጩማዋ ጡረታ ስወጣ ተሰጥታኝ አሁን እኔ ቤት ናት፤ የአበባ ማስቀመጫ ሆናለች። የሚፈልጋት ሙዚየም ካለ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ይጠይቀኝ፤ ያለ ዋጋ እሰጣለሁ። ከእግሮቿ አንዱ ትንሽ ይወዛወዛል፤ ከመላኬ በፊት አጠብቀዋለሁ።

አንድ ጡረተኛ የአዳራሽ ጠባቂ