አንዱን የዳታቤዝ ፋይል ሁሉም ሠራተኛ አይክፈተው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በርካታ መሥሪያ ቤቶች የደንበኞችን ዝርዝር፣ የንብረት መዝገብንና የክፍያ ሰነድን ማይክሮሶፍት አክሰስ በተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም በተዘጋጀ አንድ ፋይል ይይዛሉ፤ ሠራተኞቹም ያንኑ ፋይል ከጋራ ፎልደር እየከፈቱ ይሠሩበታል። ፋይሉ ሲንቀራፈፍ ወይም ጭራሽ አልከፈት ሲል ፕሮግራሙ ይወቀሳል። በዳታቤዝ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ግን ወቀሳው ያለ ቦታው የዋለ ይመስለኛል።

አክሰስ በአንድ ጊዜ እስከ 255 ተጠቃሚዎችን እንደሚያስተናግድ ይገለጻል። ይህ ግን ጣሪያው ነው፤ ብዙ ሰው ሪፖርት ብቻ የሚያይበት ፋይል ያለ ችግር ሲሠራ፣ ጥቂቶች ቀኑን ሙሉ የሚመዘግቡበት ሊጨናነቅ ይችላል። በሰርቨር ዳታቤዝ ጥያቄውን ተቀብሎ መልሱን ብቻ የሚልክ ማዕከል አለ፤ እዚህ ግን የእያንዳንዱ ሠራተኛ ኮምፒውተር ራሱ በኔትወርኩ በኩል ፋይሉ ውስጥ ገብቶ ስለሚያነብና ስለሚጽፍ፣ በመጻፍ ላይ ሳለ ዋይፋዩ ለቅጽበት ቢቋረጥ የሁሉም ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

ስለዚህ ፋይሉ ለሁለት ይከፈል። መረጃው የተያዘባቸው ሰንጠረዦች ብቻ በጋራ ፎልደር ይቀመጡ፤ መመዝገቢያ ፎርሞቹና ሪፖርቶቹ ያሉበት ፋይል ደግሞ በየሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ለየብቻ ይገልበጥ። መክፈያው በፕሮግራሙ ውስጥ ያለ በመሆኑ የሚወጣበት ገንዘብ የለም፤ ሳይደረግ የሚቆይበት ምክንያት አይታየኝም። ኮምፒውተሮቹም በኬብል ይገናኙ። የሰንጠረዦቹን ፋይል እንደ ዋንድራይቭ ባለ የማመሳሰያ ፎልደር ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ሁለት ሰዎች በየፊናቸው የቀየሩት ፋይል ሁለት የማይገጣጠሙ ቅጂዎች ሆኖ ይቀራልና።

ፋይሉ ሲከፈት ከጎኑ የምትፈጠረውን ትንሽ የመቆለፊያ ፋይልም ልብ ማለት ይጠቅማል። የከፈቱት ኮምፒውተሮች ስም እዚያች ውስጥ ይመዘገባል፤ ሁሉም ወጥተናል ካሉ በኋላ ካልጠፋች፣ ብዙውን ጊዜ አንዱ ኮምፒውተር ፋይሉን በአግባቡ ሳይዘጋ ቀርቷል ማለት ነው። ፋይሉን አሳንሶ የማጥበቅና የመጠገን (Compact and Repair) ሥራ ሁሉም ሳይወጡ፣ ባክአፕም ሳይያዝ አይጀመር።

ፋይሉ ከ2 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም። ፋይሉ ወደዚያ የተጠጋበት ወይም በፋይሉ ላይ የሚመዘግቡ ሠራተኞች የበዙበት መሥሪያ ቤት፣ ሠራተኞቹ የለመዷቸውን ፎርሞች እንደያዘ ሰንጠረዦቹን ብቻ በነፃ ወደሚገኘው ሰርቨር ዳታቤዝ፣ ፖስትግሬስኪውኤል (PostgreSQL)፣ ማዛወር ይችላል፤ ይህም ፋይሉ ከመበላሸቱ በፊት ቢታቀድ ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዳታቤዝ ባለሙያ