ለታርካን ቀሚስ የ36 ቀን ፈትል እንፈልጋለን

የምንጠይቀው የፈታዮች የ36 ቀን ደመወዝና 1 ኪሎ የተበጠረ የተልባ ቃጫ ነው። ሥራው ለንደን ፔትሪ ሙዚየም የሚገኘውን ጥንታዊ የግብፅ የተልባ ልብስ፣ የታርካን ቀሚስን፣ አስመስሎ በሽሮ ሜዳ በእጅ መሸመን ነው፤ ቅጅው ተለማማጆች እየዳሰሱ የሚማሩበት ይሆናል።

ቀሚሱ ከግብፅ ታርካን መቃብር በ1913 እ.ኤ.አ. ከጨርቅ ክምር ጋር ወጣ፤ ልብስ መሆኑ የታወቀው ግን በ1977 ክምሩ ሲጸዳ ነው። በ2015 በራዲዮካርበን (በክሩ ውስጥ በቀረው ካርበን ዕድሜን በሚያሰላ ዘዴ) ሲለካ ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3482 እና በ3102 መካከል ወደቀ። ክርኑና ብብቱ ላይ ያለው ጭምድድ ሰው እንደለበሰው ይናገራል። የታችኛው ጠርዝ ስለጠፋ ርዝመቱን አናውቅም፤ ስለዚህ የምንሠራው እጅጌውን፣ ደረቱንና ከወገብ በታች ያለውን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው።

በአንድ ሴንቲ ሜትር 22 ወይም 23 ድርና 13 ወይም 14 ማግ አለው። አንድ ካሬ ሜትር ወደ 3.6 ኪሎ ሜትር ክር ይበላል ማለት ነው። ለ2 ካሬ ሜትር፣ ለብክነት አንድ አምስተኛ ጨምረን፣ 8.6 ኪሎ ሜትር ያስፈልገናል። አንዲት ፈታይ በሰዓት 40 ሜትር፣ በቀን 6 ሰዓት ብትሠራ 36 ቀን ይሆናል። አንድ ለጋሽ የአንድ ቀን ደመወዝ ቢሸፍን 240 ሜትር ክር አገኘን።

በጥጥ ለምን አይሠራም? ጥጥ ይለጠጣል፣ ይጎፍራል፤ የእጅጌው እጥፋትም አይቆምለትም። የተልባ ድር ግን አይለጠጥም፤ ሲደርቅ ይበጠሳል። ስለዚህ ስስ የዱቄት ሙጫ ይቀባል፣ እየተሸመነም በእርጥብ ጨርቅ ይታበሳል። አፈታተሉም ከባዘቶ ጋር አይገናኝም፦ የጥንት ግብፃውያን የቃጫውን ጫፍ ከጫፍ እያጋጠሙ ከዚያ በእንዝርት ያከርሩት ነበር። ፈታዮቻችን መጀመሪያ የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፤ መጋጠሚያው ደረቅ ከሆነ ይፈታል።

እኛ አገር ተልባ የሚዘራው ለፍሬው ነው። አጭርና ቅርንጫፋም ስለሆነ ቃጫው ይቆራረጣል። ረጅም ግንድ ያለው ማሳ ያላችሁ ገበሬዎች ፍሬው ሳይደርቅ፣ ግንዱ ቢጫ ሲል፣ ሳታጭዱ ከሥሩ ንቀሉልን። ውኃ ውስጥ የምንዘፈዝፈው ራሳችን ነን፤ ብዙ ከቆየ ቃጫው ይበሰብሳል፣ ካነሰ ልጡ አይላቀቅም። ስትልኩ ግንዱን አትጠፉት፣ ሥሩን ወደ አንድ ወገን አድርጋችሁ እሰሩት።