ፋይበርግላስ ባይዝግም ኮርቬት ይዝጋል

ለዝግጅት ክፍሉ፤

እ.ኤ.አ. በ1972 ስለተመረተው ኮርቬት ስቲንግሬይ የተባለ የስፖርት መኪና ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነበር። «አካሉ ፋይበርግላስ ስለሆነ ዝገት አያሰጋውም» የሚለው ምክር ግን ገዢን ገደል ይከታል።

የማይዝገው ቆዳው ብቻ ነው። ሻንሲው (መኪናውን ከሥር የተሸከመው አካል)፣ እንዲሁም የፊት መስታወቱንና በሮቹን ተሸክሞ የቆመው በርድኬጅ የሚባለው አጽም ብረት ናቸው። የመስታወቱ ማሸጊያ ሲያረጅ ውኃው ከዳር ጌጡ ሥር ይተኛል፤ ከዚያም በአጽሙ ምሰሶዎች ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ተበልቷል።

ስለዚህ ገዢ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ከዳሽቦርዱ ሥር፣ በግራና በቀኝ ከእግር ጎን ያሉትን ሽፋኖች ፈትቶ በእጅ ባትሪ ወደ ላይ ይመልከት። ታች የተከማቸ የዝገት ቅርፊት ካለ ከላይ የረገፈ ነው። ቀጥሎ በሩን ከፍቶ ከጫፉ ወደ ላይ ያንሳው። ማጠፊያው ብቻ ከላላ ቀላል ነው፤ ምሰሶው አብሮ ከተነቃነቀ ግን ዋጋ መከራከሩን ይተወው። እሱን ለመበየድ የተጣበቁትን የፋይበርግላስ ክፍሎች ማላቀቅ ግድ ነው።

ሻንሲው ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ለፊት፣ ወደ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ ጭቃና ውኃ ያቁራል። እዚያ ላይ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን ማድረግ ነው፤ ጤነኛ ብረት አይበሳም። ሌላው ሁሉ አቧራ ለብሶ እሱ ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም ከተቀባ መጠርጠር ነው።

ፍሬኑን ጽሑፉ ዘሎታል። ከጎማው ጋር የሚዞረውን የፍሬን ዲስክ ጨምቀው የሚይዙት አራቱም ካሊፐሮች አራት አራት ገፊ ፒስተን አላቸው። ዲስኩ ከ0.13 ሚሊ ሜትር በላይ ከተወላገደ ፒስተኖቹን ወዲያ ወዲህ ይገፋል፤ በማሸጊያ ጎሚኒዎቹ በኩል አየር ይገባል። ፔዳሉ ይሰምጣል። አየሩን ማስወጣት ለጥቂት ጊዜ ቢያስታግስም ዲስኩ እስካልተስተካከለ ይመለሳል። ዘይት የሚያፈስ ካሊፐርም ውስጡ በዝገት ከተበላ ጎሚኒ ብቻ መቀየር ከንቱ ልፋት ነው፤ የማይዝግ ብረት የውስጥ ሽፋን የገባለትን መግጠም ይሻላል።

ስለ ጉልበቱም ላርም። ኤል ቲ-1 የተባለው የኮርቬት ሞተር በ1972 ከ330 ወደ 255 የፈረስ ጉልበት «ወረደ» የተባለው በአብዛኛው የመለኪያ ለውጥ ነው። የቀድሞው ቁጥር ሞተሩ ያለ መኪናው ማርሚታ ተለክቶ የተገኘ ነው፤ ያው የ1971 ሞተር በአዲሱ ልኬት 275 ነበር። ዋናው ቅነሳ የመጣው አንድ ዓመት ቀድሞ፣ ኮምፕረሽኑ (ሞተሩ አየርና ነዳጁን የሚጨምቅበት ልክ) ከ11 ለ1 ወደ 9 ለ1 ሲወርድ ነው።